ሳታርፍ የተለካችው ሉህ

በቤተ ሙከራው በር ላይ «የመጨረሻ ወጪ ፀሐይን ያጥፋ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አዲስ ሰው ሲገባ ያነበውና ይስቃል። በሁለተኛው ሳምንት መሳቁን ይተዋል። በሦስተኛው ሳምንት እሱ ራሱ ፀሐይን ሳያጠፋ ይሄድና ይቆጡታል።

ፀሐይ የሚሏት ከጣሪያው የተንጠለጠለችውን ትልቅ መብራት ነው። ከሥሯ አየሩ ተመጥጦ ባዶ የሚሆን የብረት ጋን አለ። በጋኑ ውስጥ እንደ ጨርቅ የሚጠቀለሉ፣ ከፀጉር የቀጠነ የሶላር ሽፋን የተቀባባቸው ሉሆች ይሰቀላሉ። አንድ ቀን የጫማ ካርቶን የምታክል የጠፈር መንኮራኩር አጣጥፋ ትወስዳቸዋለች፤ ሰማይ ላይ ዘርግታም ከእነሱ በምታገኘው ኤሌክትሪክ ትኖራለች። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ምድር ላይ ይጠበሳሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ አየር ይነፈጋሉ። ከመከራው በኋላ ስንት ኃይል እንደቀራቸው የምትለካውን ሴት ከጥበቃው እስከ ኃላፊዋ ድረስ ሁሉም «ለኪዋ» ይሏታል።

ለኪዋ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ወደዚህ ሕንጻ የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነው። እየጠረገች አየች፣ እያየች ጠየቀች፣ የጠየቀችውን አልረሳችም። ዲግሪ የላትም። ሌላው ሰው ቤት ወይም ዘመድ እንደሚኖረው እሷ ቁጥር አላት፤ መለካት ከጀመረች ወዲህ አንድም ቁጥሯ ሐሰት ሆኖ አልተገኘም። የተጨቃጨቁ ዶክተሮች «እሷ ምን አለች?» ተባብለው ይታረቃሉ።

ዓርብ ጠዋት ይህች ሴት አሥራ ሰባተኛዋን ሉህ ለካች። ከመቶ ሰማንያ አንድ። ማለፊያው ዘጠና ነው። በመዝገቡ ላይ ቁጥሩን ጻፈች፣ አጠገቡ «ወደቀች» ብላ ጨመረች፣ የአስተያየቱን ዓምድ ባዶ ተወችው።

ያ ዓምድ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር። ነገሩ ሁሉ የተጀመረውም ከዓመት በፊት እዚያው ላይ ነው። «ዓርብ የደከመችው ሉህ ሰኞ ትሻላለች፤ መሳቢያ ውስጥ ጨለማ አግኝታ ይመስለኛል» ብላ ጻፈች። በማግሥቱ ከሥሩ በእርሳስ «ይህን ያስተዋለው ማነው?» የሚል አገኘች። «የምትጠርገዋ ነበረች፤ አሁን ትለካለች» ብላ መለሰች። ጠያቂው ደረጃውን ወርዶ መጣ። ሽፋኑን የሚሠራው ዶክተር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀባ ስለሚውል «ቀቢው» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ ማንኛዋም ሉህ ከጋኑ ስትወጣ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልላ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ታርፋለች፤ ሳታርፍ አትለካም። ደንቡን ያወጣችው እሷ፣ ጨርቁን የገዛው እሱ ነው።

አስተያየቱም ቀጠለ።

«ጥጓ ተልጧል። ቀቢው ሲቀባ እያዛጋ ነበር።»

«አላዛጋሁም። በመስኮቱ የምታልፍ ሰው አይቼ ነው።»

«የምታልፈው ሰው ሥራ ስላላት ነው የምታልፈው።»

ጋኑ በግራና በቀኙ ክብ መስታወት አለው፤ በአንዱ በኩል ያጎነበሰ ሰው በሌላው በኩል ያጎነበሰውን ያያል። ስንት ጊዜ እንዳጎነበሱ የሚያውቀው ጋኑ ብቻ ነው። ማለት፣ ጋኑና ጋሽ ፓምፕ። ጋሽ ፓምፕ አየር መጣጩን ሞተር የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያውቁትን አይናገሩም፣ የማያውቁትን ግን በደንብ ይናገራሉ።

ችግሩ የቀቢው እናት የቤተ ሙከራው ኃላፊ መሆናቸው ነው። ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሕንጻው ሳይሠራ ቦታውን በእግራቸው የለኩ ሴት ናቸው። የዚያው ሳምንት ማክሰኞ ለታ ለኪዋ መዝገብ ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ገርበብ ካለው በር ድምፃቸው ወጣ።

«ለመለካት እሷን የሚያህል የለም፣ እኔም እመሰክራለሁ። ቤት ግን በልኬት አይመሠረትም፣ ልጄ። የሩቁን ከተማ ሥራ ያገኘሁልህ እዚህ ተቀምጠህ እንድትለካ አይደለም።»

ለኪዋ መልሱን ለመስማት ቆመች። ልጁ ዝም አለ። የሙያ ልማድ ሆኖባት ዝምታውን ቆጠረችው። አሥራ አንድ ሰከንድ። አሥራ ሁለተኛውን ሳትጠብቅ ደረጃውን ወረደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አልተናገረችም። ሐሙስ ቀትር ላይ አሥራ ሰባተኛዋን ከጋኑ ማውጣትና ማሳረፍ ነበረባት። ያን ጥቁር ጨርቅ ለማየት አቅም ስላጣች ራሴን አሞኛል ብላ ቤቷ ሄደች፤ ፀሐይንም ሳታጠፋ ሄደች፤ ከእሷ በኋላ የገባ ሰው አልነበረም። ዓርብ ጠዋት ስትመጣ ሉህዋ እዚያው ብርሃን ሥር ናት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደተጠበሰች። ወዲያው ለካቻት። «ጥሩ ሉህ ከሆነች አንድ ሌሊት ምን አላት? ሰማይ ላይ ማን ያዝንላታል?» አለች ለራሷ። መዝገቡን ስትዘጋ እጇ ፈጣን ነበር።

ቀቢው ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። መዝገቡን ገለጠ። ቁጥሩን አየ፣ ቀጥሎ ባዶውን ዓምድ አየ፤ ከቁጥሩ ይልቅ ባዶው ላይ ቆየ። ከዚያ ሦስተኛውን መሳቢያ አየና በክቡ መስታወት በኩል ወደ እሷ ተመለከተ። እሷ ብሎን እንደሚያጠብቅ ሰው አቀረቀረች። የላላ ብሎን አልነበረም። ቀና ስትል መስታወቱ ባዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ፓምፕ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ብቅ አሉ።

«ሰማሽ? ቀቢው የሩቁን ሥራ ተቀበለ። ሰኞ ስድስት ሰዓት አውቶቡስ አለው። ኮሚቴው ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ለመንኮራኩሯ ሉህ ይመርጣል፤ አሥራ ሰባተኛዋ ከወደቀች የሌላው ቡድን ሉህ ነው የሚወጣው። የሦስት ዓመት ድካሙ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።»

«እኔ የለካሁትን ጻፍኩ፣ ጋሽ ፓምፕ።»

«ምን አልኩሽ? እኔ ስለ አውቶቡስ ነው ያወራሁት።»

ፀሐይን አጥፍታ ወጣች። እስከ በሩ ሄዳ መጥፋቷን ለማረጋገጥ ተመለሰች። ጠፍታለች። ሁለተኛ ጊዜ ልመለስ ስትል አንድ ነገር ደረቷ ላይ ተቀመጠ፤ ቤቷም አብሯት ገባ።

* * *

አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ከፍ ይላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልፍ ትተክልላቸዋለች። ያን ቅዳሜ አንድ ወፍራም ሰውዬ እያለከለከ ገባና ኮቱን አወለቀ።

«ቶሎ ይለኩኝ ጋሼ፣ መኪና አቁሜ ነው።»

«ተቀመጥ።»

«ቸኩያለሁ እኮ።»

«ስለቸኮልህ ነው ተቀመጥ የምልህ። አሁን ደረትህን ብለካ የምሰፋው ለሩጫህ ነው እንጂ ላንተ አይደለም። ከዚያ ኮቱ ሲሰፋህ እኔን ትረግማለህ። ትንፋሽህ ይመለስ።»

ሰውዬው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ለኪዋ መርፌው እጇ ላይ ቀረ። ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የቸኮለ ደንበኛ እያጉረመረመባቸው፣ አባቷ በመስኮት መንገዱን ያያሉ። ይህን ነገር በልጅነቷ ሺህ ጊዜ አይታዋለች። ስለ መሳቢያው ያሰበችው እሷ ናት ብለው ባልደረቦቿ ያመሰገኗት ጊዜ ዝም ያለችው ለዚህ ነበር፤ ያሰበችው እሷ አይደለችማ።

ሰውዬው ተለክቶ ሲወጣ አባቷ ሜትሩን እየጠቀለሉ «ቁልፉን ኪሱ ላይ ተከልሽው፣ ልጄ» አሉ።

ለኪዋ ሸሚዙን አየች። እውነታቸውን ነው።

«አባዬ፣ ሳላሳርፍ ለካሁ።»

«ማንን?»

«አንዷን ሉህ። ተናድጄ ነበር። መብራት ሥር ረስቻት አደረች፤ እንደዚያው እንዳለከለከች ለካኋትና ወደቀች ብዬ ጻፍኩ።»

አባቷ ሜትሩን አስቀመጡ። «ሰማይ ላይ ዕረፍት አላት?»

«አላት። መንኮራኩሯ ምድርን ስትዞር አንድ ሰዓት ፀሐይ፣ ግማሽ ሰዓት ጥላ ነው። ሰማይ ላይ ማን ያዝንላታል ያልኩት ሐሰቴን ነው። ጥላው ያዝንላታል።»

«እንግዲያ እንደገና መለካት ነው። ምን ያስጨንቃል?»

«ቁጥሩ ከፍ ካለ ለሰው ብላ አዳላች ይሉኛል። እስካሁን የለካሁት ሁሉ ይጠረጠራል። ከቁጥሬ ሌላ ምን አለኝ?»

«ለየትኛው ሰው ነው ያዳላሽው የሚሉሽ?»

የተሳሳተውን ቁልፍ መንቀል ጀመረች።

«ያ ሱሪ የማሳጥርለት ልጅ ነው?» አሉ አባቷ፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያሾለኩ። «አራት ጊዜ አሳጥሬለታለሁ። መጀመሪያም ልኩ ነበር። ካሁን በኋላ አንድ ጊዜ ከመጣ ቁምጣ ይዞ ነው የሚሄደው። እኔ ምን ቸገረኝ፤ በመጣ ቁጥር ግን ዓይኑ ጓዳ ጓዳውን ነው።»

ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት። አባቷ ወደ ሥራቸው ዞሩላት። ሴት ልጅ ስታለቅስ ጀርባ መስጠት ክፋት የሚመስለው ለማያውቅ ነው።

* * *

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደች። ተረኛው ጋሽ ፓምፕ ነበሩ። አሥራ ሰባተኛዋን ከመደርደሪያው አወረደች፣ ሦስተኛውን መሳቢያ ሳበች፣ ጥቁሩን ጨርቅ ዘረጋች። ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ።

የእርሳሱን ጽሕፈት አወቀችው። ቀኑ ሐሙስ ጠዋት ይላል። ሐሙስ ቀትር ላይ ይህን መሳቢያ እንደምትከፍት የሚያውቅ ሰው ያስቀመጠው ነው።

«ለኪዬ፣

መዝገቡን እናቴም ስለምታነበው ይህን እዚህ ጻፍኩት። ማክሰኞ ኮሪደሩ ላይ እንደነበርሽ ያወቅሁት የጫማሽ ድምፅ ሲርቅ ሰምቼ ነው። ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። በሠላሳ አራት ዓመቴ እናቴን ተቃውሜያት ስለማላውቅ ቃሉ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶብኝ ነው። ሳገኘው አንቺ ወርደሻል። ያልኳት ይህን ነው፤ ‹ቤት በምን እንደሚመሠረት አላውቅም፤ ከማን ጋር እንደምመሠርተው ግን አውቃለሁ።› እሷም መነጽሯን ጠረገች።

ስለ ሩቁ ሥራ እስከ ዓርብ መልስ ስጥ ብለውኛል። ቆይ ካልሽኝ እቆያለሁ። መናገር ከከበደሽ አሥራ ሰባተኛዋን ስትመዘግቢ የአስተያየቱ ዓምድ ላይ ነጥብ አድርጊልኝ፤ አንዲት ነጥብ ትበቃኛለች። ባዶ ከሆነ ይገባኛል፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።

ቁጥሯን ግን እንዳለች ጻፊ። ለእኔ ብለሽ አንድ እንኳ ብትጨምሪ፣ ያቺ የምወዳት ለኪ አትሆኚም።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት መጀመሪያ ስትጠርገው፣ ቀጥሎም ስትቆምበት ኖራለች፤ ተቀምጣበት ግን አታውቅም። ባዶውን ዓምድ ሲያይ ፊቱ ምን እንደነበረ አስታወሰች፤ ማንበብ እንደጨረሰ ሰው ነበር።

ስልኳን አወጣች። ስሙ ላይ ደረሰች። አሁን ብትደውልለት፣ ሰኞ የሚወጣው ቁጥር የሁለት ሰዎች ምክር ይሆናል። ባትደውል፣ ሰኞ ስድስት ሰዓት አውቶቡስ አለ። ስልኩን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። በሕይወቷ የከበዳት ዕቃ ያ ስልክ ነበር።

«ጋሽ ፓምፕ» አለች፣ «ይቺን መሳቢያ በፕላስተር ያሽጉልኝና ይፈርሙበት። ማንም እንዳልነካት እንዲታወቅ።»

«ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ» አሉ ጋሽ ፓምፕ፣ በዓለም ላይ አቧራ የማይገባበት ብቸኛ ክፍል ውስጥ ቆመው። አሽገው ፈረሙ። ሁለት ሌሊት ሉህዋ በጨለማ አረፈች። ለኪዋ አላረፈችም።

* * *

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የፕሮፌሰሯን በር አንኳኳች።

«የዓርቡ ቁጥር ስህተት ነው» አለች ሳትቀመጥ። «ሐሙስ ፀሐይን ሳላጠፋ ወጣሁ። ሉህዋ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ሥር አደረች፤ ሳላሳርፍ ለካኋት። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደገና ትለካ። ግን እኔ አልለካትም፤ እርስዎ ይለኩልኝ።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን እኔ?»

«በዚህ ሕንጻ ውስጥ ቁጥሩ ከፍ ቢል የሚከፋዎት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አጣጥፈው ቆዩ። ለኪዋ ይህን ዝምታ ለመቁጠር አልደፈረችም።

«ድፍረት አለሽ» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«የለኝም። ያለኝ ቁጥር ብቻ ነው።»

ፕሮፌሰሯ ተነሡና መነጽራቸውን አድርገው ቀድመዋት ወጡ።

መለኪያውን ከነኩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እንዲህ ያድርጉ እንዳትላቸው ለኪዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች። በመጀመሪያ መብራቱ እንዳልተዛባ ለማወቅ ኃይሏ የታወቀውን ማነጻጸሪያ ሉህ ለኩ፤ ልክ ናት። የጋሽ ፓምፕን ፊርማ አይተው ፕላስተሩን ቀደዱ። አሥራ ሰባተኛዋን አውጥተው ሰቀሉ። ፀሐይ እንደገና በራች።

«ዘጠና አራት» አሉ።

ለኪዋ ከግድግዳው አልዞረችም።

ፕሮፌሰሯ ደገሙት። ዘጠና አራት። ሦስተኛ ጊዜ ሽቦውን ነቅለው፣ ጠርገው፣ ሰክተው ለኩ። ዘጠና አራት።

«ጥቁሩን ጨርቅ፣ ይህን የማሳረፍ ነገር፣ ማን አስተማረሽ? ልጄ ነው ብዬ አስብ ነበር።»

«አባቴ ነው።»

«የምን ምሁር ናቸው?»

«ልብስ ሰፊ ነው። ደረጃ ወጥቶ ያለከለከን ሰው አይለካም።»

ፕሮፌሰሯ የመብራቱን ማብሪያ ይዘው ቆዩ። አጠፉት። «ጥፋትሽን በእጅሽ ጻፊ። እስከ ዓመት ድረስ ለብቻሽ አትፈርሚም፤ ሁለተኛ ሰው አብሮሽ ይፈርማል። ይህን ለማንም አደርገዋለሁ።»

«ይገባኛል» አለች። ለዓመታት የተሸከመችው ያለመሳሳት ሸክም ከትከሻዋ ሲወርድ የተሰማት ግን ቅለት ነበር። ይህ አስገረማት።

መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ «የዓርቡ ሰማንያ አንድ ሳታርፍ የተለካ ነው። ፀሐይን ያላጠፋችው ለኪዋ ናት። ዕረፍት ካገኘች በኋላ፦ ዘጠና አራት። አለፈች።» ከዚያ ዓምዱ ጥግ ላይ፣ ከጽሑፉ ራቅ አድርጋ፣ እስክሪብቶዋን አንድ ጊዜ አሳረፈች።

ፕሮፌሰሯ በትከሻዋ ላይ አዩ። «ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«መልስ ናት።»

«ለእኔ?»

«አይደለም።»

ፕሮፌሰሯ ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ «ፀሐይን ያጥፋ» የሚለው ወረቀት አጠገብ ቆም አሉ። «አባትሽ የሴት ልብስ ይሰፋሉ?»

«ይሰፋል።»

«ሱቃቸው ደረጃ አለው?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ከመለካቴ በፊት ትንሽ ማረፍ አለብኝ» አሉና ወጡ። በኮሪደሩ የጫማቸው ድምፅ ሲርቅ ለኪዋ ጆሮዋን አላመነችም።

ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ተሰብስቦ አሥራ ሰባተኛዋን መረጠ። ቀቢው አልተገኘም፤ ሉሁ ወደቀች የተባለበት ሰው ምርጫውን ምን ሊሰማ ይመጣል? አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሻንጣውን ይዞ መጣ። የሚለቅ ሰው ቁልፍ አስረክቦ መዝገቡ ላይ መፈረም አለበት፤ በዚህ ቤት ሳይፈርሙ መሄድ አይቻልም። ሻንጣውን በሩ ላይ አስቀመጠና ሳያያት መዝገቡን ገለጠ።

እሷ ከጋኑ ማዶ ነበረች። ዛሬ ብሎን አልነካችም። በክቡ መስታወት በኩል አየችው፤ ዓይኑ መስመሩን ተከትሎ ሲወርድ፣ ዘጠና አራት ላይ ሲቆም፣ አልፎ ሲሄድ፣ ጥጉ ላይ ሲደርስ። ጣቱን አምጥቶ ነጥቧን ነካ፤ ትጠፋ እንደሆነ እንደሚሞክር ሰው።

«ይቺ» አለ፣ ድምፁ ጠፍቶበት እንደገና ጀመረ፤ «ይቺ የቀለም ጠብታ ናት?»

«እኔ አላንጠባጥብም።»

ቀና አለ። መስታወቱ ውስጥ ተያዩ። አፉን ከፈተ፣ ቃል አልወጣም፤ ያ የታወቀ ዝምታው መጣ። ከበሩ ጋሽ ፓምፕ ሻንጣውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ጥግ አስያዙት፤ መንገድ ዘግቶባቸው ይመስላል።

ለኪዋ እንደ ልማዷ መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ትታ ጠበቀችው።